ቬጋስ ላይ ለመጋባት ላሰባችሁ፦ ከአንድ የሊሞዚን ሹፌር

ከዋጋው ልጀምር። ስልኬን ከወዳጅ ተቀብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ላስ ቬጋስ ውስጥ በሕግ ለመጋባት ለመንግሥት የምትከፍሉት የጋብቻ ፈቃዱን ዋጋ ነው፤ ይህን ስጽፍ 102 ዶላር ነው። የቀረው ሁሉ፣ አበባው፣ ሻማው፣ ኤልቪስን መስሎ የሚዘፍነው ሰውዬ፣ ፎቶግራፉ፣ የሚሸጥ ነገር ነው። ከሚሸጡት ነገሮች አንዱ እኔ ነኝ። ነጭ ሊሞዚን እነዳለሁ። ሙሽሮችን ከሆቴላቸው አንስቼ ወደ ፈቃድ መስጫው ቢሮ፣ ከዚያ ለሰርግ ብቻ ወደተሠሩት ትንንሽ የጸሎት ቤቶች፣ ማለትም ወደ ቻፕል እወስዳለሁ፤ ሲጨርሱ እመልሳለሁ።

ያደግሁት መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው። መሸጥና መግዛትን አልንቅም፤ ሰው ደስ ብሎት ለገዛው ነገርም አላዝንም። ነገር ግን የገበያ ልጅ ከኪሱ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚከፍለው ለምኑ እንደሆነ ይጠይቃል። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሙሽሮች ይህን ሲጠይቁ ብዙ አልሰማም።

የምጽፈው ከዲሲ፣ ከዴንቨር፣ ከሲያትልና ከኦክላንድ ለሚመጡ የአገሬ ልጆች ነው። ለምን እንደሚመጡም አውቃለሁ። አንዱ የአምስት መቶ ሰው ድግስ፣ የአዳራሽ ኪራይና የዲኮር ዋጋ አስፈርቶት ነው። አንዷ በሃይማኖት ልዩነት ቤተሰብ እምቢ ብሏት ነው። አንዳንዱን የመኖሪያ ወረቀት አጣድፎታል። ዓርብ ማታ ተዋውቆ ቅዳሜ የሚመጣም አለ፤ እሱን ማስቆም የእኔ ሥራ አይደለም፣ ይህን ቢያነብ ግን እሰየው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ኔቫዳ ይህን ንግድ ያገኘችው ከጎረቤቷ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰዎች ሰክረው እየተጋቡ አስቸገሩ በማለት ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ሦስት ቀን እንዲጠብቅ ደነገገች። ኔቫዳ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም፤ ዛሬም የላትም። የካሊፎርኒያ ሰው ታዲያ መኪናውን አስነስቶ በረሃውን ማቋረጥ ጀመረ። በ1931 ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ አደረገች፤ በዚያው ዓመት ለመፋታት የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት አወረደች። መግቢያውም መውጫውም አንድ ገበያ ላይ ዋለ።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚፈለግ የታየበት አንድ ቀን አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ትዳር ይዞ ከውትድርና ምልመላ ማምለጥ የሚያበቃው ኦገስት 26 ቀን 1965 እኩለ ሌሊት ላይ ነው ብለው አዘዙ። በዚያ ዕለት ቬጋስ ላይ 171 ጥንዶች ተጋቡ፤ 67ቱን ያጋቧቸው አንድ ዳኛ ናቸው። ከእነዚያ መካከል ስንቱ አብሮ እንዳረጀ ባላውቅም፣ የዳኛውን ጉሮሮ ግን አስባለሁ።

የእኛን አገር ሕግ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። በእኛ አቆጣጠር የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባት የሚፈልጉ ሰዎች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውቁ ያዛል። ማስታወቂያ ይወጣል፤ መቃወሚያ ያለው ያቀርባል። በዕለቱ ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ይቆማል። ሕጉ ይህን ሁሉ ከራሱ አላመጣውም። ሽማግሌ ሲላክ፣ ዘር ሲቆጠር፣ የልጅየው ጠባይ ከጎረቤት ሲጠየቅ የኖረበትን ልማድ በወረቀት አስፍሮት ነው። ኔቫዳ ደግሞ ከአጋቢው ሌላ አንድ ምስክር ይበቃል ትላለች። ብዙ ጊዜ ያ አንድ ምስክር እኔ ነኝ። ስማቸውን ከቅጹ ላይ አንብቤ ለጨረስኩት ሰዎች ፈርሜአለሁ፤ ምንም ወንጀል የለበትም፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ነገ ቢጣሉ ግን ማንን ይጠራሉ? የመኪናዬን ታርጋ እንኳ አያስታውሱም።

አበባውማ የትም ይገኛል። ቬጋስ ብቻ ያላት ሸቀጥ «እስኪ ቆዩ» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ዘመድና ወዳጅ አንዴ ከጎደሉ በኋላ የእነሱ ሥራ ተቆራርጦ መልሶ ይሸጥላችኋል፦ የአክስት ልጅ በነጻ የሚያነሳው ፎቶ በዋጋ፣ የሚዜ መኪና በሰዓት፣ እናት ከአዲስ አበባ ሆና እንድታይ በኢንተርኔት የሚተላለፈው ቪዲዮ በተጨማሪ ክፍያ። ይህን ካወቃችሁ የትኛውን እንደምትገዙና የትኛውን ይዛችሁ እንደምትመጡ መወሰን ትችላላችሁ።

ከቤት ሳትወጡ

የክላርክ ካውንቲ የጋብቻ ፈቃድ ቢሮ የሚገኘው በከተማው መሐል፣ 201 ኢስት ክላርክ አቬኑ ነው። በዓል ሳይል በየቀኑ ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምለው)። ማመልከቻውን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ሙሉ፤ ቢሮው ስትደርሱ ግማሹ ሥራ ያልቃል። ሁለታችሁም በአካል መቅረብ አለባችሁ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ። ዜግነት አይጠየቅም፣ ነዋሪነት አይጠየቅም፣ የደም ምርመራ የለም። ዕድሜ 18።

ከዚህ ቀደም የተፋታ ሰው የፍርድ ወረቀቱን መያዝ የለበትም፤ ፍቺው የጸደቀበትን ቀንና ከተማ ግን ማወቅ አለበት። ቢሮው አዲስ አበባ ደውሎ አይጠይቅም፤ የጻፋችሁትን ያምናል። አገር ቤት ያለው ጋብቻ ሳይፈርስ ቬጋስ ላይ የተፈጸመው ጋብቻ ግን ፈራሽ ነው፣ ወንጀልም ነው፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በኢሚግሬሽን ፋይል ውስጥ ብቅ ይላል። «እሷ እኮ ትታኛለች» ፍቺ አይደለም።

አሁን ስለ ስም። ይህን ሰፋ አድርጌ የምናገረው የእኛን ሰው ከማንም በላይ የሚያስቸግረው እሱ ስለሆነ ነው። ቅጹ ላይ «ከጋብቻ በኋላ የምትጠሩበት ስም» የሚል ቦታ አለ። ከዴንቨር የመጣች አንዲት ሙሽራ እዚያ ላይ የባሏን አያት ስም ጽፋ አገኘኋት። ለምን እንደሞላችው ስጠይቃት «ጋሼ፣ ባዶ መተው የማይቻል መስሎኝ ነው» አለችኝ። ይቻላል። በእኛ ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር የአባቷን ስም አትጥልም፤ መጣል ካልፈለጋችሁ አትንኩት። ያ ቦታ ከተሞላ ምስክር ወረቀቱ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል፣ ዲግሪው ሌላ ይላል። እንዲሁም የራሳችሁን ስም ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ የተጻፈ «ተስፋዬ» የስንቱን ቀን አበላሽቷል። ከመስኮቱ ሳትነሱ የታተመውን ወረቀት አንብቡ፤ ጸሐፊዋ ከኋላችሁ ወረፋ ቢኖርም ትጠብቃችኋለች።

ቻፕል ስትመርጡ

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ መነሻ ዋጋ ነው። ፓኬጁ «አጋቢ ይቀርባል» ይላል፤ ለአጋቢው የሚከፈለው ግን ብዙ ጊዜ ከፓኬጁ ውጭ ነው። ስሙ «ስጦታ» ይባላል፤ 60 ዶላር፣ 75፣ አንዳንድ ቤት ከዚያም በላይ፣ በፖስታ ተደርጎ የሚሰጥ። ስጦታ ተብሎ መጠኑ አስቀድሞ የሚነገር ስጦታ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም። «ነጻ ሊሞዚን» የሚለውም ነጻ የሚሆነው እስከ ሹፌሩ ጉርሻ ድረስ ነው። ግብር ይጨመራል። ስለዚህ በስልክ አትስማሙ። «ግብሩን፣ የአጋቢውን ክፍያና የሹፌሩን ጉርሻ ጨምሮ በዕለቱ ከኪሳችን የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። ቀጥታ የማይመልስ ቤት ሲያጋጥማችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ቬጋስ ውስጥ ቻፕል አይጠፋም።

ገንዘባችሁ በብዛት የሚያልቀው ፎቶው ላይ ነው። ብዙ ቻፕሎች ሥነ ሥርዓቱ ሲካሄድ በራሳችሁ ካሜራ እንድታነሱ አይፈቅዱም። ፓኬጁ ጥቂት ፎቶ ይሰጣል፤ ፎቶ አንሺው ግን በደርዘን ያነሳል። ከዚያ ቃል ኪዳን አስራችሁ፣ እንባችሁ ሳይደርቅ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁና ሁሉም በስክሪን ይታያችኋል። ከኦክላንድ የመጡ ጥንዶች በአንድ ቻፕል እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቆይተው ሲወጡ ሙሽራው ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ለፎቶው የከፈሉት ለሌላው ነገር ሁሉ ከከፈሉት በልጧል። «ካልወሰድናቸው ይጠፋሉ ተባልን» አለኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሁሉም ፎቶ ዲጂታል ቅጂ ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አለዚያም ወዳጃችሁ በስልክ እንዲያነሳ የሚፈቅድ ቤት ምረጡ።

ፈቃድ መስጫው አካባቢ ወረቀት እያደሉ «ቻፕል ይፈልጋሉ?» የሚሉ ሰዎች ቢያጋጥሟችሁ በትሕትና እለፏቸው። ሹፌር «ጥሩ ቤት አውቃለሁ» ቢላችሁም ከዚያ ቤት የሚደርሰው ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቡ። እኔንም ጨምሮ ሹፌር አትጠይቁ።

ከመኪና ሳይወርዱ መጋባት ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁም አላችሁ። ይቻላል። ይህን የጀመረችው ያኔ የ«ኤ ሊትል ኋይት ዌዲንግ ቻፕል» ባለቤት የነበረችው ሻርለት ሪቻርድስ ናት። በ1991 አንድ አካል ጉዳተኛ ከመኪና ለመውረድ ሲቸገር አይታ በመስኮት በኩል የሚጋቡበትን አሠራር ከፈተች። ኋላም በላዩ ጣሪያ ተሠርቶ፣ መላእክትና ከዋክብት ተሥለውበት ትልቅ መስህብ ሆነ። ጅማሬውን እወደዋለሁ፤ ሰው ተቸግሮ አይቶ መላ መፍጠር ደግ ሥራ ነው። ዛሬ ግን በዚያ የሚያልፈው አብዛኛው ሰው እግሩ ደኅና ነው።

ርካሽና ንጹሕ ነገር የሚፈልግ ሰው ቻፕል አያስፈልገውም። ካውንቲው ራሱ የሚያጋባበት ጽሕፈት ቤት ከፈቃድ መስጫው በእግር ይደረሳል። ኤልቪስ የለም፣ ምንጣፍ የለም፤ ሥራውን ግን በክብር ይሠራሉ። ኤልቪሱ በጣም ካማራችሁ ደግሞ ሕጋዊውን ጋብቻ በምትኖሩበት ከተማ በዘመድ መካከል ፈጽሙና ቃል ኪዳን ለማደስ ብላችሁ ኑ፤ ለማደስ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ብትስቁም የሚበላሽ ነገር የለም።

ቁጥሩ የሚገጥም ቀን አትምረጡ። 7/7/07 ላይ፣ 12/31/23 (ሲነበብ 123123) ላይ ከተማው ተጨናንቆ ነበር። የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብማ ካውንቲው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጊዜያዊ የፈቃድ መስኮት ይከፍታል፤ ሻንጣችሁን ሳትወስዱ ፈቃዳችሁን ትወስዳላችሁ። በእንደዚህ ያለ ቀን አጋቢው ሰዓቱን እያየ ነው የሚያናግራችሁ።

የጎደለውን ሰው መመለስ

ሻጮቹ ጮክ ብለው የማይነግሯችሁ ነገር አለ። የኔቫዳ የጋብቻ ፈቃድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ማንም በዚያው ሌሊት ተጠቀሙበት አላላችሁም። ፈቃዱን ዛሬ አውጡ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩበት። ከተቻለ ወር ቆዩ። ካሊፎርኒያ ያዘዘችውን ሦስት ቀንና አገር ቤት ያለውን አንድ ወር ራሳችሁ ለራሳችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ የሚያስከፍላችሁ ነገር የለም።

ምስክራችሁንም ይዛችሁ ኑ። አንድ በቂ ነው ቢባልም ሁለት ሦስት ሰው አምጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ በዕድሜ የሚበልጣችሁና የሚከብዳችሁ ይሁን። ከሲያትል የመጡ ጥንዶች ነበሩ፤ እሱ ሙስሊም፣ እሷ ኦርቶዶክስ፣ የሁለቱም ቤተሰብ አኩርፏል። ሦስት ጓደኞቻቸው አብረዋቸው መጥተዋል። ከሆቴሉ ተነስተን ገና ብዙ ሳንሄድ በዕድሜ የሚበልጠው ጓደኛ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ «ለእናቱ በየወሩ ስንት እንደሚልክ ታውቂያለሽ?» አላት። «አውቃለሁ፣ መቶ ዶላር ነው» አለች። ሙሽራው በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ሦስት መቶ ነው» አለ። መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ሰውየው አልተወም። እህቱ ብትመጣ የት ታርፋለች? ልጅ ሲወለድ ምን ተብሎ ይጠራል፣ የትኛው ቤት ይወሰዳል? የትምህርት ዕዳው ስንት ቀርቷል? ፈቃዱን አወጡ። ከዚያ ቻፕሉን ትቼ ሐበሻ ምግብ ቤት እንድወስዳቸው ጠየቁኝ፤ በ2023 ካውንቲው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ወደሰየመው ሰፈር ወሰድኳቸው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተጋቡ። ሦስቱም ጓደኞች ቆመው ነበር፤ የፈረመው ግን ያ ጠያቂው ነው። የምስክርነት ሥራ እንዲህ ሲሠራ ያየሁት እዚያ ነው፤ እኔ ስፈርም የማደርገው ቀለም ማፍሰስ ነው።

ይህ የእኔ የሹፌር አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድሩ ፍራንሲስ-ታንና ሁጎ ሚያሎን የተባሉ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረጉት ጥናት ትዳር የመሠረቱ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቀዋል። ለቀለበትና ለሰርግ ብዙ ያወጡት በአማካይ ትዳራቸው አጠር ያለ ነው፤ ብዙ ሰው የታደመላቸው ደግሞ የመፋታት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ይህ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ከመጀመሪያውም በሌላ ምክንያት የጸና ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ግን ጥሩ ዜና ነው። ሰዉን ለማብዛት አዳራሽ መከራየት የለባችሁም፤ ሰዉን ለመቀነስም ቬጋስ መሸሽ የለባችሁም። የአንድ ወዳጅ ሳሎን፣ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ፣ የሚመርቅ አባት። የአገር ቤቱ ሰርግ በዲኮርና በቪዲዮ ፓኬጅ ሰው ሲያስመርር እዚህ ይመጣሉ፤ እዚህ ደግሞ ሌላ ፓኬጅ ይጠብቃቸዋል።

ወረቀቱ የሚያስረው ነገር

ሥነ ሥርዓቱ የሩብ ሰዓት ስለሆነ ውጤቱም ቀላል የሚመስለው ሰው አለ። ኔቫዳ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዳችሁ የምታገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ በትዳር ውስጥ የሚገባ ዕዳም እንዲሁ። ካሊፎርኒያም፣ ዋሽንግተን ስቴትም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በንብረት ጉዳይ የተለየ ስምምነት የምትፈልጉ ከጋብቻው በፊት፣ በየራሳችሁ ጠበቃ አማካይነት ጨርሱት።

በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት የምትቸኩሉ፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተሰጠ ግሪን ካርድ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት ቅጽ አይ-751 (የሁለት ዓመቱ ገደብ እንዲነሳ የሚጠየቅበትን) ያስገባሉ፤ አብረው መኖራቸውንም በኪራይ ውል፣ በባንክ ሒሳብ፣ በግብር ወረቀት ያስረዳሉ። የቬጋስ ፎቶ ብቻውን ማንንም አያሳምንም። ቅጽ አይ-864 ላይ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ለሚጠየቅለት ሰው በሚገባው የድጋፍ ቃል ላይ የፈረመ ሰው ደግሞ ለትዳር ጓደኛው መተዳደሪያ ተጠያቂ ይሆናል፤ ግዴታው በፍቺ አይቀርም። ያኛው ወገን ዜጋ እስኪሆን ወይም አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን የሥራ ጊዜ፣ ማለትም 40 ሩብ ዓመት እስኪያሟላ ሊቀጥል ይችላል። ለወረቀት ተብሎ የተፈጸመ የሐሰት ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚላችሁ ሰው አብሯችሁ አይታሰርም።

መውጫውስ? ብሪትኒ ስፒርስ በጃንዋሪ 2004 ቬጋስ ላይ ተጋብታ ጋብቻው በ55 ሰዓት ውስጥ በፍርድ ቤት ተሰርዟል። ሰዎች ይህን ሰምተው ጋብቻ መሰረዝ የያዙትን የሆቴል ክፍል እንደመሰረዝ ይመስላቸዋል። ፍርድ ቤቱ ምክንያት ይፈልጋል፦ ስካር ወይም አእምሮ አለመኖር፣ ማታለል፣ ያልፈረሰ ሌላ ጋብቻ። «ተጸጽተናል» ምክንያት አይደለም፤ ያኔ ያለው መንገድ ፍቺ ነው፣ ኔቫዳ ላይ ለመፋታትም ከሁለት አንዳችሁ ስድስት ሳምንት እዚህ መኖር አለባችሁ።

ከተጋባችሁ በኋላ

ቻፕሉ የወርቅ ቀለም ያለው፣ የሚያምር ወረቀት ይሰጣችኋል። ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ለሌላ ነገር አይሆንም። አጋቢው ሰነዱን በ10 ቀን ውስጥ ለካውንቲው የማስገባት ግዴታ አለበት። ከዚያ በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን ፈልጉና ማኅተም ያለበትን ሕጋዊ ቅጂ በ20 ዶላር እዘዙ። ሁለት ሦስት ቅጂ ያዙ። አሥሩ ቀን አልፎ መዝገቡ ላይ ካልታያችሁ ወዲያው ለቻፕሉ ደውሉ፤ ሳምንት አትጠብቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ያገለግላል? የቤተሰብ ሕጉ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመን ጋብቻ፣ ለሞራል ተቃራኒ እስካልሆነ ድረስ ይቀበላል። ሰነዱ ግን መረጋገጥ አለበት፤ ቅደም ተከተሉን ዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲ ጠይቃችሁ ጀምሩ።

ሃይማኖታችሁን በሚመለከት ቻፕል ውስጥ ጥቁር ልብስ የለበሰው ሰውዬ የንስሐ አባታችሁን አይተካም። ተክሊልም ሆነ ቁርባን የራሱ ዝግጅት አለው፤ ኒካህም ወሊ (የሙሽራዋ ጠባቂ) እና ምስክሮች ይፈልጋል። በፊት ተነጋግራችሁ ኑ። ካህናችሁ ወይም ኢማማችሁ ቬጋስ መጥተው ራሳቸው እንዲያጋቧችሁ ከፈለጋችሁ አጋቢው በኔቫዳ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ከሌላ ግዛት ለሚመጣ አገልጋይ ካውንቲው ጊዜያዊ ፈቃድ ስለሚሰጥ ከጉዞው ቀደም ብለው ያመልክቱ።

የቀሩኝ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጥበብ ቀሚስ የምትለብሱ ሥነ ሥርዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ውኃ ያዙ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከመጣችሁ ሊሞዚን አትከራዩ፤ ዝቅ ብሎ መግባትና መውጣት ጉልበት ይፈታል፣ ተራ ሰፊ መኪና ይሻላቸዋል። ሊሞዚን ከተከራያችሁም ሒሳቡ የሚቆጠረው መኪናው ቆሞ ሲጠብቅም ጭምር ነውና ፈቃዱን ከአንድ ቀን በፊት በታክሲ ሄዳችሁ አውጡ። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ አስቀድሞ ሒሳቡ ውስጥ ተጨምሮ ከሆነ ደረሰኙን እዩ፣ ሁለት ጊዜ አትክፈሉኝ።